ቁመቱ ቀድሞ ደረሰ

8.6 ነጥብ፣ 6.6 ሪባውንድ። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ካማን ማሉዋች አሜሪካ ውስጥ በዱክ ዩኒቨርሲቲ በቆየባት አንዲት የውድድር ዓመት በየጨዋታው ያስመዘገበው አማካይ ይኸው ነው (ሪባውንድ ማለት ሳይገባ የተመለሰ ኳስ መያዝ ነው)። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው «እና ያ ሁሉ ወሬ ለዚህ ነው?» ቢል አይፈረድበትም። ልጁ ሲመጣ የተወራለት ሌላ ነበር። ቁመቱ ያለ ጫማ 2 ሜትር ከ15 ገደማ ነው። ቆሞ እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ ቀለበቱን ለመንካት ስንዝር አይቀረውም። 18 ዓመት ሳይሞላው ኦሊምፒክ ላይ ተጫውቷል። እንዲህ ያለ ልጅ ኮሌጅ ገብቶ በየጨዋታው 8 ነጥብ ብቻ ሲያገባ ደጋፊ ግራ ይጋባል። ግራ የተጋባ ደጋፊ ደግሞ ዝም አይልም።

የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። ረጅም ተጫዋች ቁመቱ ከሁሉም ቀድሞ ይደርሳል፣ ጨዋታው ግን ከሁሉም ዘግይቶ ነው የሚበስለው። ደጋፊ የሚበሳጨው በሁለቱ መሃል ባለው ክፍተት ነው። ክፍተቱ ድሮም ነበር። አሁን የጠፋው ክፍተቱ እስኪሞላ የሚጠበቅበት ጊዜ ነው።

(የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ልጁን እናውቀው። ማሉዋች በ2006 ደቡብ ሱዳን ውስጥ ሩምቤክ ነው የተወለደው። በልጅነቱ ከእናቱ ጋር ወደ ኡጋንዳ ተሰደደ፤ ያደገውም ካምፓላ ነው። ቅርጫት ኳስ የጀመረው በ2019 ነው። ልብ በሉ፣ ዱክ የገባው በ2024 ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ከዜሮ ተነስቶ አሜሪካ ውስጥ አለ ከሚባለው የኮሌጅ ቡድን ገባ ማለት ነው። መጀመሪያ ሜዳ ሲሄድ በእግሩ ያደረገው የፕላስቲክ ክሮክስ ጫማ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ከዚያ ሴኔጋል ወዳለው የኤንቢኤ (የአሜሪካው ፕሮፌሽናል ሊግ) አካዳሚ ሄደ። በአፍሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ ለሦስት የተለያዩ አገራት ክለቦች ተሰለፈ። በ2023 ገና በ16 ዓመቱ የዓለም ዋንጫ ላይ ነበር።

የአገሩ ነገርም አለ። ከጋምቤላ ማዶ ያለችው ደቡብ ሱዳን ነፃ የወጣችው በ2011 ነው። በ2024 ሐምሌ፣ ለንደን ላይ በተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ፣ እነ ሌብሮን ጄምስን የያዘችው አሜሪካ ያሸነፈቻት 101 ለ100 ብቻ ነበር። ፓሪስ ላይ በመጀመሪያው ጨዋታ አዘጋጆቹ ተሳስተው የሱዳንን መዝሙር ለቀቁባቸው። ተጫዋቾቹ ቆመው ጠበቁ፣ ትክክለኛው መዝሙር ተዘመረ፣ ከዚያ ገብተው ፖርቶ ሪኮን 90 ለ79 ረቱ። ማሉዋች ዱክ ሲደርስ ይሄ ሁሉ አብሮት ነው የመጣው። ካሜሮን ኢንዶር የሚባለው የዱክ አዳራሽ የሚይዘው 9,314 ሰው ነው። ልጁን የሚጠብቀው ሕዝብ ግን ከአዳራሹ ውጭ ነው የሚበዛው፤ ጁባ አለ፣ ካምፓላ አለ፣ አሜሪካ የተበተነው ስደተኛ ሁሉ አለ።

እዚህ ላይ የሚገርመው፣ የዱክ ደጋፊ ቁጥር እንዴት እንደሚያታልል ከማንም በላይ ማወቅ የነበረበት መሆኑ ነው። በራሱ ቤት ሁለት ጊዜ አይቶታልና።

በ2014-15 ጃሊል ኦካፎር መጣ። በአንደኛ ዓመቱ በየጨዋታው 17.3 ነጥብ አገባ። ዱክ የሚወዳደርበት የኮሌጆች ምድብ (ኮንፈረንስ) ኮከብ ተባለ። ዱክም የዚያን ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። የኤንቢኤ ክለቦች ወጣቶችን በተራ በሚመርጡበት ድራፍት 3ኛ ተመረጠ፤ ፊላደልፊያ ወሰደው። በኤንቢኤ የመጀመሪያ ዓመቱ 17.5 ነጥብ ነበረው። ከዚያስ? ሊጉ ከእጁ አመለጠ። ጀርባውን ለቀለበቱ ሰጥቶ፣ ኳሱን ጠይቆ፣ ተከላካዩን አዙሮ የሚያገባ ሴንተር፣ ማለትም ቀለበቱ ሥር የሚጫወት ረጅም ተጫዋች፣ የሚፈለግበት ዘመን እያለፈ ነበር። መከላከሉ ደካማ ነበር። ስድስት የውድድር ዓመት ተጫውቶ ከሊጉ ወጣ።

በ2022 ደግሞ ዴሪክ ላይቭሊ መጣ። ከአገሩ ወጣቶች 1ኛ ብለው ደረጃ የሰጡት ነበሩ። ያገባው በየጨዋታው 5.2 ነጥብ ብቻ ነው! «ተሸወድን» ያለው ደጋፊ ብዙ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ይኸው ልጅ ከዳላስ ጋር የኤንቢኤ ፍጻሜ ላይ ነበር፤ ያውም በአንደኛ ዓመቱ። ሥራው ስክሪን መቆም (የተከላካዩን መንገድ በገላው መዝጋት)፣ ወደ ቀለበቱ መሮጥ፣ ከእነ ሉካ ዶንቺች የተወረወረለትን አየር ላይ ይዞ መቀርቀር፣ ከኋላ ደግሞ ቀለበቱን መጠበቅ ነበር። ኮሌጅም የሚሠራው ይህንኑ ነበር። ልዩነቱ ኳሱን የሚወረውርለት ሰው ነው።

እንግዲህ ማሉዋች ከሁለቱ ለማን ይቀርባል? ጥያቄ የለውም፣ ለላይቭሊ። በዱክ ከሞከራቸው ውርወራዎች 71.2 በመቶውን አስገብቷል። ይሄ ቁጥር ብዙ ይናገራል፤ የማይችለውን አይሞክርም ነበር ማለት ነው። በየጨዋታው የተሰለፈው 21 ደቂቃ ገደማ ነው። ኳሱ በእነ ኩፐር ፍላግና ኮን ኒፕል እጅ ነበር። አንደኛው በድራፍት 1ኛ፣ ሌላው 4ኛ ወጣ። ከእነሱ እጅ ኳስ ነጥቆ «ለማሉዋች 20 ነጥብ ይሁንለት» የሚል አሰልጣኝ ካለ ወይ አብዷል ወይ ሥራ መልቀቅ አስቧል። የዱኩ አሰልጣኝ ጆን ሻየር ደግሞ ከሁለቱም አይደለም። ዱክ ያን ዓመት 35 አሸንፎ የተሸነፈው 4 ጊዜ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ስል ልጁ ጉድለት የለበትም እያልኩ አይደለም። ሳን አንቶኒዮ ላይ የሆነውን ያየ ሰው እንዲህ ሊል አይችልም።

ቀኑ ሚያዝያ 5፣ 2025 ነው። የኮሌጆች ሻምፒዮና ግማሽ ፍጻሜ፣ ዱክ ከሂውስተን ዩኒቨርሲቲ። ዱክ ወደ 8 ደቂቃ ሲቀረው በ14 ነጥብ ይመራ ነበር። ግማሽ ደቂቃ ያህል ሲቀረው እንኳን መሪነቱ 6 ነበር። ከዚያ ሂውስተን 9 ተከታታይ ነጥብ አስቆጥሮ 70 ለ67 ወጣ። ጨዋታውን የገለበጠው ፋውል የተነፋው ሪባውንድ ላይ ነው፤ ፍላግ ከሂውስተኑ ጄዋን ሮበርትስ ጀርባ ዘሎ ተያዘ። ሮበርትስ ሁለቱንም ቅጣት አስገባ። 68 ለ67።

ማሉዋች በዚያ ምሽት ስንት ሪባውንድ ያዘ? ዜሮ። ከዚያ ሁሉ ቁመት ጋር አንድም አልያዘም። ደጋፊው ቀድሞ ያወጣው ይህቺን ቁጥር ነበር፤ መውጣትም ነበረባት። ግን እንዴት ዜሮ እንደሚሆን ማየት ይጠቅማል። የሂውስተን ልጆች ከእሱ ያጥራሉ፣ ግን ጠጣሮች ናቸው። ኳስ ሲወረወር ኳሱን አያዩም። መጀመሪያ ሰው ነው የሚፈልጉት፤ ዳሌያቸውን ጭኑ ላይ ደግፈው ከቀለበቱ ሥር ይገፉታል። ረጅም ልጅ የስበት ማዕከሉ ከፍ ያለ ነው፤ ከታች ከገፉት ይነቃነቃል። የ18 ዓመት እግር ደግሞ የ23 ዓመት ጎልማሳን አይመክትም። በዚያ ላይ ሴንተር ውርወራ ለማክሸፍ ሲዘል ጀርባው ይራቆታል። ኳሷን ባያከሽፋት እንኳን ወርዋሪውን አስቶታል፣ ጥሩ ሠርቷል። ሪባውንዷን ግን እሱ ትቶት የሄደው ሰውዬ ይወስዳታል። ሁለቱም ነገር ባንድ ላይ እውነት ነው፦ መጥፎ ምሽት ነበረው፣ ዜሮዋም ሙሉ በሙሉ የእሱ አይደለችም።

ያ ቅዳሜ ሌላም ነገር ነበረው። የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማርኮ ሩቢዮ የደቡብ ሱዳን ፓስፖርት የያዙ ሰዎች ቪዛ በሙሉ መሰረዙን ያስታወቁት በዚያው ዕለት ነው። ምክንያቱ ጁባ ተመላሽ ዜጎቿን አልተቀበለችም የሚል ነበር። ልጁ ይህን ሰምቶ ይግባ አይግባ አንገምት። ዲሲም ሆነ ሚኒሶታ ያለ አበሻ ግን እንዲህ ዓይነት ዜና የወረቀት ጉዳይ ላለበት ሰው ምን እንደሚያደርግ አያጣውም።

ወደ ጨዋታው ልመለስ፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው። ሴንተር ለምን ዘግይቶ ይበስላል? አንድ ሁኔታ እንይ። የተቃራኒው ጋርድ፣ ማለትም ኳስ አቀናባሪው፣ ኳስ እያነጠረ ይመጣል። አንድ ረጅም ጓደኛው መጥቶ ስክሪን ይቆምለታል። ጋርዱ በዚያ ተከልሎ ያልፍና ማሉዋች ፊት ለፊት ይደርሳል። አሁን ማሉዋች ለሁለት ሰው ኃላፊ ነው። ወደ ጋርዱ ከወጣ ኳሷ ከራሱ በላይ ለረጅሙ ትወረወራለች። ወደ ኋላ ካፈገፈገ ጋርዱ ቆሞ ይተኩሳል። ትክክለኛው ቦታ በሁለቱ መሃል ነው፤ ያውም ከጋርድ ጋርድ ይለያል። ይህን ሁሉ የሚወስነው አንድ ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። እየወሰነ ደግሞ ከኋላው ያሉትን ጓደኞቹን በድምፅ ማሰለፍ አለበት። ይሄ በዝላይ አይገኝም። በብዛት ካዩ በኋላ የሚመጣ ነው። በእግር ኳስ በረኛ እንደሚባለው ነው፤ ሠላሳ ሲጠጋ ነው የሚረጋጋው፣ እስከዚያ ስህተቱ ሁሉ ጎል ሆኖ ይታያል።

ፋውልም አለ። ኮሌጅ ውስጥ አምስት ፋውል ከሠራህ ትወጣለህ። ልጅ ሴንተር በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት ካስነፋ አሰልጣኙ ያስቀምጠዋል። ደቂቃ ያጣል። ደቂቃ ሲያጣ የሚያየው ያንሳል። የሚያየው ሲያንስ ፋውሉ አይቀንስም። አዙሪት ነው።

ስለዚህ ድሮ የነበረው መፍትሄ ጊዜ ነበር። ሃኪም ኦላጁዎንን ውሰዱ። የሌጎሱ ልጅ ቅርጫት ኳስ የያዘው በ15 ዓመቱ ነው፤ ከዚያ በፊት የእጅ ኳስ ተጫዋች ነበር። በ1980 ሂውስተን ዩኒቨርሲቲ ገባ። የመጀመሪያውን ዓመት ጭራሽ አልተሰለፈም፣ ልምምድ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ሲሰለፍ አማካዩ ስንት ነበር? 8.3 ነጥብና 6.2 ሪባውንድ።

ከማሉዋች 8.6 እና 6.6 ጋር አስተያዩት። የዘመኑ ጨዋታ ቀርፋፋ ነበር፣ ያኔ በኮሌጅ የውርወራ ሰዓት ገደብም አልነበረም፤ ስለዚህ ቁጥሮቹን አንድ ለአንድ ማስተካከል አይቻልም። መነሻቸው ግን ይመሳሰላል። ከዚያ በኋላ የሆነው ነው የሚለየው። ኦላጁዎን በሚቀጥለው ዓመት 13.9 ነጥብና 11.4 ሪባውንድ ደረሰ። በሚቀጥለው 16.8 እና 13.5። በየበጋው እዚያው ሂውስተን ባለ ጂም ከሞሰስ ማሎን ጋር እየተላፋ ነበር፤ ማሎን በዘመኑ የኤንቢኤ ኮከብ ነበር፣ ለልጅም አይራራም። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ግማሽ ፍጻሜ ደረሱ፣ አንዱንም ዋንጫ አልወሰዱም። ሰውየው በ1984 ድራፍት 1ኛ ሲወጣ ከመጣ አራት ዓመቱ ነበር።

እባካችሁ ከዚህ «ስለዚህ ማሉዋች ኦላጁዎን ይሆናል» የሚል እንዳታወጡ። እንዲህ ያለው ስሌት ነው ልጆችን የሚጎዳው። ጊዜ ሰጥተኸውም የማይሆንለት አለ። ሃሺም ታቢት የዳሬሰላም ልጅ ነው፤ እሱም በ15 ዓመቱ ነው የጀመረው። በኮኔክቲከት ሦስት ዓመት ቆየ። በየዓመቱ አደገ፤ በመጨረሻው 13.6 ነጥብ፣ 10.8 ሪባውንድ፣ 4.2 ብሎክ (ያከሸፈው ውርወራ) ነበረው። በ2009 ሜምፊስ 2ኛ አድርጎ መረጠው። 3ኛ የወጣው ጄምስ ሃርደን ነው፣ 7ኛ የወጣው ስቴፍ ከሪ። ታቢት በኤንቢኤ ሕይወቱ በአማካይ ያገባው 2.2 ነጥብ ነው። ምስራቅ አፍሪካ እስከዛሬ ስሙን ሲያነሳ ፊቱን ያጨማድዳል። እኔ ግን ግማሹን ጥፋት ለተጫዋቹ አልሰጥም። 20ኛ ቢመረጥ ኖሮ ማንም «ከርሞ ጥጃ» አይለውም ነበር፤ ደህና ተጠባባቂ ሴንተር ሆኖ አሥር ዓመት ሊቆይ የሚችል ሰው ነበር። 2 ቁጥሯ ናት ያሳጣችው። የእሱ ኮሌጅና የእሱ ኤንቢኤ የሕግ ልዩነትም አላቸው። ኮሌጅ ውስጥ ሴንተር ከቀለበቱ ሥር እንደ ልቡ ተገትሮ መጠበቅ ይችላል። ኤንቢኤ ውስጥ የሚጠብቀው ሰው አጠገቡ ከሌለ ከ3 ሰከንድ በላይ መቆም ክልክል ነው። ኮሌጅ ላይ ግንብ የነበረ ሰው እዚያ ሲሄድ እንዲሮጥ ይገደዳል።

አሁን ወደ ዛሬው ሥርዓት እንምጣ። ከ2006 ድራፍት ጀምሮ አንድ ልጅ ኤንቢኤ ለመግባት በድራፍቱ ዓመት ውስጥ 19 ዓመት ሊሞላው፣ ከሁለተኛ ደረጃ ከጨረሰም አንድ ዓመት ሊያልፈው ይገባል። ስለዚህ ጎበዞቹ አንድ ዓመት ኮሌጅ ገብተው ይወጣሉ። ከሐምሌ 2021 ወዲህ ደግሞ የኮሌጅ ተጫዋች በስሙና በምስሉ ገንዘብ መሥራት ይችላል። ይሄ ለአሜሪካዊ ልጅ የመቆያ ምክንያት ሆኖታል። በተማሪ ቪዛ ለመጣ ልጅ ግን ሥራ የተገደበ ነው፤ ጓደኛው በማስታወቂያ ሲከፈለው እሱ አሜሪካ ምድር ላይ ያንኑ ቢሠራ ቪዛው አደጋ ላይ ይወድቃል። እንግዲህ ቤተሰቡ ካምፓላ ያለ ልጅ «ሁለተኛ ዓመት ቆይ፣ ጨዋታህ ይብሰል» ቢባል ምን ይመልሳል? እኔ ብሆን በሩጫ ነበር የምወጣው።

ቆይቶ የተጠቀመ የውጭ ልጅ የለም አይባልም። ካናዳዊው ዛክ ኢዲ አለ። 2 ሜትር ከ24 ነው። ልጅ እያለ ሆኪና ቤዝቦል ነበር የሚጫወተው። አሜሪካ ውስጥ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ኮሌጅ ከሚገቡ ወጣቶች ደረጃው 400ኛ አካባቢ ነበር፤ ማለትም ማንም ምንም አልጠበቀበትም። ዕድሉም ይህ ነበር። አራት ዓመት ቆየ፦ 8.7 ነጥብ፣ ከዚያ 14.4፣ ከዚያ 22.3፣ ከዚያ 25.2። በሦስተኛው ዓመት ፐርዱ 1ኛ ደረጃ ይዞ ከ16ኛው ፌርሊ ዲክንሰን ጋር ገጥሞ 63 ለ58 ተዋረደ። አገር ሁሉ ሳቀበት። ተመልሶ መጣና በቀጣዩ ዓመት ቡድኑን ለፍጻሜ አደረሰ፤ በኮኔክቲከት ቢሸነፉም እሱ 37 አገባ። ሁለት ጊዜ በተከታታይ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ ከራልፍ ሳምፕሰን ወዲህ ያን ያደረገ አልነበረም። ከዚያ 9ኛ ሆኖ ሜምፊስ ገባ።

ማሉዋች 10ኛ ነው የወጣው። በድራፍቱ ምሽት ስሙ ሲጠራ አለቀሰ፤ የምወክለው መላውን አህጉር ነው ሲል ተናገረ። ቆንጆ ንግግር ነው። ከባድም ነው። ምርጫዋ ደግሞ ተራ ምርጫ አልነበረችም። ፊኒክስ ሰንስ ያገኛት ኬቪን ዱራንትን ለሂውስተን ሮኬትስ ሲሰጥ ነው። ያው ዱራንት እኮ በ2007 ፖርትላንድ ትቶት ሴንተር የመረጠበት ሰው ነው። ግሬግ ኦደን ኦሃዮ ስቴትን በአንድ ዓመት ለፍጻሜ አድርሶ 25 ነጥብና 12 ሪባውንድ ያስመዘገበ ልጅ ነበር፤ ጉልበቱ ከዳውና በኤንቢኤ 105 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ። የዱራንት ስም ባለበት የሚነሱ ወጣት ሴንተሮች ዕጣ ፈንታ ይገርማል።

ፊኒክስ ግን ከፖርትላንድ የተሻለ ብልሃት ያደረገ ይመስለኛል። በዚያው ምሽት ማርክ ዊሊያምስን ከሻርሎት አመጣ። ዊሊያምስም የዱክ ሴንተር ነበር፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ በመጀመሪያው 7.1፣ በሁለተኛው 11.2 ነጥብ አድርጎ የወጣ። እሱ ከፊት ስላለ ማሉዋች ወዲያው ቡድን እንዲሸከም አይጠየቅም ማለት ነው። ደጋፊው ይሄን «ተቀምጦ ቀረ» ብሎ ሊያነበው ይችላል። እኔ ኮሌጅ ውስጥ ያላገኘውን ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ደመወዝ እየተከፈለው እየተማረ ነው ብዬ አነበዋለሁ።

ምን እንይለት ለምትሉኝ፣ ነጥቡን ለጊዜው ተዉት። በተሰለፈባቸው ደቂቃዎች ስንት ፋውል እንደሚሠራ እዩ። ውርወራ ሊያከሽፍ ዘሎ ሳይሳካለት ሲቀር ቶሎ ዞሮ ሰው ይፈልግ እንደሆን እዩ። ጋርድ ሲመጣበት እጁ ከፍ ብሎ እግሩ ይንቀሳቀስ እንደሆን እዩ። ደግሞ ነፃ ቅጣቱን አትርሱ፤ በዱክ 76.6 በመቶ አስገብቷል። ይሄ ለረጅም ልጅ ትልቅ ነገር ነው። እጁ ገር ነው ማለት ነው፣ ወደፊት ከሩቅም ሊተኩስ ይችላል ማለት ነው።

የኤንቢኤ የመጀመሪያ ዓመቱን ሲጀምር 19 ዓመቱ ነበር። ኢዲ በ19 ዓመቱ ፐርዱ ውስጥ ቦታውን ከትሬቪዮን ዊሊያምስ ጋር ተካፍሎ በየጨዋታው 19 ደቂቃ ነበር የሚጫወተው። ኦላጁዎን 19 ሲሞላው ያቺን የ8.3 ነጥብ ዓመት ገና አላጋመሳትም ማለት ይቻላል።